ከሥርና ከቅጠል የሚገኘው ቀለም በጨርቅና በጠጉር ላይ ያለፈበት ታሪክ

ማናቸውም ቅጠል ታሽቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ቢጨመቅ ያጎድፋል፤ ይሁን እንጂ ማጉደፍና ማቅለም አንድ አይደሉም። የጎደፈ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ይለቃል፤ በሚገባ የተቀለመ ጨርቅ ግን ከነቀለሙ ያረጃል። በምድር ላይ አበባቸው፣ ልጣቸው ወይም ሥራቸው ደማቅ መልክ ያለው ዕፅዋት እጅግ ብዙ ሲሆኑ በቀላሚና በነጋዴ ዘንድ ለሺህ ዓመታት ሲፈለጉ የኖሩት ጥቂት የሆኑበት ምክንያትም ይኸው ነው። መልክ መስጠት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው መልኩን ከክሩ ወይም ከጠጉሩ ጋር ማስያዝ ነው። ስለዚህ የዕፅዋት ቀለም ታሪክ ሲመረመር አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ቀለሙ በምን እንደ ተያዘ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካው የእርሻውን ቦታ በወሰደ ጊዜ ጨርቅ በአንድ መንገድ፣ ጠጉር ደግሞ በሌላ መንገድ የሄዱበትንም ምክንያት የሚገልጠው ይህ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀለምን የማስያዝ ጥበብ

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ግብፃውያን ያደርጉት የነበረውን አንድ ሥራ በአድናቆት ይተርካል። ነጩን ጨርቅ መልክ በሌላቸው ልዩ ልዩ ነገሮች ይቀቡታል፤ በዚህ ጊዜ በጨርቁ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም። ከዚያም በሚፈላ የቀለም ጋን ውስጥ ነክረው ጥቂት ቆይተው ሲያወጡት፣ በጋኑ ውስጥ ያለው ቀለም አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ጨርቁ ባለ ብዙ መልክ ሆኖ ይወጣል፤ ቢታጠብም አይለቅም። ለፕሊኒ ነገሩ ተአምር ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው የአንዳንዱ ቀለም ሞለኪውል ከጥጥ ክር ጋር በራሱ ኃይል የመያያዝ ችሎታው ደካማ ነው፤ በመካከል አሉሚኒየም ወይም ብረት ሲገባ ግን ማዕድኑ በአንድ ወገን ክሩን፣ በሌላ ወገን ቀለሙን ይዞ በውሃ የማይሟሟ ውሁድ ይፈጥራል። አስያዡ አሉሚኒየም የሆነ እንደ ሆነ ቀይ የሚወጣው ቀለም፣ ብረት ሲሆን ወደ ወይን ጠጅና ወደ ጥቁር ያደላል። ግብፃውያን ጨርቁን ይቀቡበት የነበረውም መልክ የሌለው ነገር እንዲህ ያለ ጨው መሆኑ አያጠራጥርም። በዚህ ዘዴ ከሁሉ የበለጠ ስም ያተረፈው ፈረንሳዮች ጋራንስ የሚሉት ሥረ ቀይ ተክል ሲሆን ዋናው አስያዥ ሸብ ነበር። በኢንዱስ ሸለቆ፣ በሞሄንጆ ዳሮ ፍርስራሽ ውስጥ፣ ከ4 ሺህ ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለውና በዚሁ ወገን ተክል የተቀለመ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ ተገኝቷል።

ሁለተኛው ዘዴ ከዚህ ይበልጥ ያስገርማል። ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊ ቀለም በውሃ አይሟሟም፤ የሚገኝበት ተክል ቅጠሉም አረንጓዴ እንጂ ሰማያዊ አይደለም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ኢንዲካን የሚባል መልክ የሌለው፣ ከስኳር ጋር የተሳሰረ ውሁድ ነው። ቅጠሉ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲብላላ ስኳሩ ይላቀቅና ኢንዶክሲል የተባለው ይወጣል፤ ይህም ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ሁለት ሁለት እየሆነ ተጣምሮ ሰማያዊ ዝቃጭ ይሆናል። ቀላሚው በበኩሉ ይህንን የማይሟሟ ዝቃጭ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርበታል። በአመድ ውሃ ወይም በሌላ አልካሊ ውስጥ ሌላ ነገር አብላልቶ ኦክሲጅን ሲያሳጣው ኢንዲጎው ብጫ አረንጓዴ ሆኖ ይሟሟል። ክሩ በዚህ ውስጥ ተነክሮ ወደ አየር ሲወጣ በቀላሚው ዓይን ፊት ከብጫ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ቀለሙም በክሩ ውስጥ ሳለ ዳግመኛ የማይሟሟ ስለሚሆን በዚያው ታስሮ ይቀራል። በፔሩ ጠረፍ፣ ሁዋካ ፕሪየታ በተባለ ቦታ፣ በኢንዲጎ የተቀለመ 6 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የጥጥ ጨርቅ መገኘቱ በ2016 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። እነዚያ ቀላሚዎች ስለ ኦክሲጅን የሰሙት ነገር አልነበረም፤ በማሽተትና በማየት ብቻ ግን ዛሬ በኬሚስትሪ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን የኦክሲዴሽንና የሬዳክሽን ሥራ አሳምረው ይሠሩ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ያልሆነ ተክል ነው። ሱፍ በኢትዮጵያ የሚፈለገው በተለይ ለፍሬው ነው፤ ፍሬው ተወቅጦና ተጣርቶ በጾም ጊዜ ለፍትፍት ይሆናል፤ ዘይትም ይወጣዋል። የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከጎበኘ በኋላ አገሪቱን ከሱፍ መገኛ ማዕከሎች እንደ አንዷ ቆጥሯታል። ይሁንና ሊኔየስ በ1753 ዓ.ም. ለተክሉ ባወጣለት የላቲን ስም ውስጥ «ቲንክቶሪዩስ» የሚለው ቃል «የቀላሚዎች» ማለት ነው፤ ከግብፅ እስከ ጃፓን ሲፈለግ የኖረው ፍሬው ሳይሆን አበባው ነበርና። አበባው ሁለት ቀለም አለው። በውሃ የሚለቀው ብጫ አስቀድሞ ታጥቦ ይጣላል፤ ቀጥሎ ካርታሚን የተባለው ቀይ በአልካሊ ይወጣና ጨርቁ በዚያ ውስጥ ሳለ እንደ ሎሚ ያለ ኮምጣጣ ሲጨመርበት ቀለሙ በክሩ ላይ ይሰፍራል። ያለ ማዕድን አስያዥ ጥጥንና ሐርን የሚያቀላ በመሆኑ ተወዳጅ ነበር፤ ፀሐይን አለመቻሉ ግን ዋና ጉድለቱ ነው። (ከበግ ጠጉር የሚሠራው ጨርቅም በአማርኛ ሱፍ መባሉ ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።)

የዕፅዋት ቀለም ሁልጊዜ እንደ «እውነተኛው» ይቆጠር እንዳልነበረም ማስታወስ ያስፈልጋል። በግብፅ ተገኝቶ ዛሬ በስቶክሆልም የሚጠበቅ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ ፓፒሩስ ከ150 በላይ የአሠራር መመሪያዎች ይዟል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ የባሕር ቀንድ አውጣ የሚያስገኘውን ውድ ሐምራዊ በርካሽ ዕፅዋት አስመስሎ ስለ መሥራት የሚናገሩ ናቸው። የዚያ ሐምራዊ ዋጋ ከምን እንደ መጣ ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሌንደር በ1909 ዓ.ም. አሳይቷል፤ ከ12 ሺህ ቀንድ አውጣዎች ያገኘው ንጹሕ ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን ታዲያ አስመሳዩ ተክል ነበር፤ በአስመሳይነት መወቀስ ለፋብሪካ ብቻ የተተወ ነገር አይደለም።

ጠጉርና ቆዳ

ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ ጠጉር፣ ጥፍርና የቆዳ የላይኛው ንጣፍ ግን ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ይህ ልዩነት ለቀለም እጅግ አስፈላጊ ነው። የሂና ቅጠል ደርቆ ሲፈጭ በዱቄቱ ውስጥ ከመቶ አንድ ገደማ የሚሆን ላውሶን የተባለ ንጥረ ነገር ይገኛል። ዱቄቱ በውሃና በጥቂት ኮምጣጣ ሲለወስ ላውሶኑ ከቅጠሉ ይለቅና ወደ ጠጉሩ ገብቶ በኬራቲኑ ውስጥ ካሉት የናይትሮጅንና የድኝ ክፍሎች ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ሸብ አይሻም፤ የብላት ጋን አይሻም። መልኩ አንድ ብቻ ነው፤ ብርቱካናማ ቀይ። ከፋርስ እስከ ሕንድ ያሉ ሰዎች ጥቁር መልክ በፈለጉ ጊዜ ጠጉሩን መጀመሪያ በሂና ያቀሉትና ከታጠበ በኋላ የኢንዲጎ ቅጠል ሊጥ ይለጥፉበታል፤ ሰማያዊው በብርቱካናማው ላይ ሲደረብ ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆናል። ይህ ሁለት ጊዜ ተለጥፎ ሁለት ጊዜ የሚታጠብ፣ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ አገር ሴቶች እጃቸውንና እግራቸውን የሚሞቁበት እንሶስላም ከዚሁ ወገን የሚቆጠር ነው። ተክሉ በእርጥብ ቦታ የሚበቅል ነጭ አበባ ያለው ሲሆን የሚፈለገው ድንች መሳይ ሥሩ ነው። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር የኢትዮጵያን ዕፅዋት በመዘገበበት መጽሐፉ በ1847 ዓ.ም. ሳይንሳዊ ስም ባወጣለት ጊዜ ይህንንም «የቀላሚዎች» ብሎ ሰየመው። የእንሶስላ የቅርብ ዘመድ በሆነውና በእስያ በሚበቅለው ተክል ውስጥ ላውሶን መኖሩ ተረጋግጧል። በዝርያ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ተክሎችን፣ አንዱን በቆላ ሌላውን በደጋ፣ ሰዎች ለአንድ ዓይነት ሥራ መርጠው ማግኘታቸው የሙከራን ኃይል ያሳያል።

ነገር ግን በተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ግሉኮስ ስድስት ፎስፌት ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለው ኤንዛይም በደማቸው ውስጥ ያነሳቸው ሕፃናት ሰውነታቸው ሂና ሲቀባ ቀይ የደም ሕዋሳቸው እንደሚፈርስ በሐኪሞች በሚገባ ታውቋል፤ ላውሶን ከኬራቲን ጋር ብቻ የሚጣላ ኬሚካል አይደለምና።

የጋራንስ እርሻ መጥፋት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዣን አልተን የተባለ አርመናዊ የጋራንስን እርሻ በአቪኞ አካባቢ አስፋፋ፤ ከዚያ አቅራቢያ የሚገኝ አንድ መንደር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሥሩ በመሬት ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ስለሚቆፈር ገበሬው ገንዘቡን የሚያየው ዘግይቶ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት በ1829 ዓ.ም. ለእግረኛ ወታደሮቹ ቀይ ሱሪ መፍቀዱ ለእርሻው ትልቅ ገበያ ሆነለት።

ሮቢኬና ኮሊን የተባሉ ኬሚስቶች በ1826 ዓ.ም. ከሥሩ ውስጥ አሊዛሪን የተባለውን ቀይ ንጥረ ነገር ለይተው አውጥተው ነበር። የእርሻው ፍጻሜ የጀመረው ከዚያ ቀን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንድ ነገር ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ከሌላ ነገር ሊሠራ መሞከሩ አይቀርምና። በ1856 ዓ.ም. የ18 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዊልያም ፐርኪን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ ርካሽ ሬንጅ የቀለም ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ዓለም ተረዳ። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ግሬበና ሊበርማን የተባሉ ጀርመናውያን አሊዛሪንን በዚንክ ዱቄት አሙቀው አንትራሲን መሆኑን አዩ፤ አንትራሲን በሬንጅ ውስጥ የሚገኝ ነገር ስለ ነበር መንገዱን ገልብጠው ከአንትራሲን አሊዛሪን ሠሩ። (በኢትዮጵያ ቅቤ ሲነጠር የሚገባው የመቅመቆ ሥር ውስጥ ያሉት ብጫ ቀለሞችም ከአንትራሲን ጋር የሚዛመደው የዚሁ የአንትራኪኖን ቤተ ሰብ አባሎች ናቸው።) የመጀመሪያው ዘዴያቸው ብሮሚን የሚጠይቅ በመሆኑ ለፋብሪካ አይሆንም ነበር። በርካሹ ሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራውን ዘዴ ሁለት ወገኖች ሳይገናኙ ደረሱበት፤ ግሬበና ሊበርማን ከባስፍ ፋብሪካው ካሮ ጋር ሆነው በለንደን የፓተንት ማመልከቻቸውን ሰኔ 25 ቀን 1869 ዓ.ም. ሲያስገቡ ፐርኪን የራሱን ያስገባው በማግስቱ ነበር።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጋራንስ ዋጋ ወደቀ፤ በፕሮቫንስ ያለው እርሻም ጠፋ። ከፋብሪካ የወጣው አሊዛሪን ከሥሩ ከሚወጣው አሊዛሪን በአንድ አቶም እንኳ አይለይም፤ የሚለየው በሥሩ ውስጥ ከአሊዛሪን ጋር ፑርፑሪንና ሌሎችም ስላሉ የተፈጥሮው መልክ ለሰለስ ማለቱ ነው። የጨርቁ ባለቤት የተታለለበት ነገር አልነበረም። የከሰረው ገበሬው ነው። ቀዩ ሱሪ ግን አልቀረም፤ በ1914 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የፈረንሳይ ወታደር ለብሶት ወጣ፤ ሱሪው የሚቀላበት አሊዛሪን በአብዛኛው የሚመጣው ከጠላቱ ከጀርመን ፋብሪካዎች ነበር።

ኢንዲጎና የሕንድ ገበሬ

የኢንዲጎ ታሪክ ከዚህ ይከፋል። በቤንጋል በእንግሊዝ ዘመን የኢንዲጎ ፋብሪካ ማለት አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው የተሠሩ ሁለት ገንዳዎች፣ አንድ የመቀቀያ ጋንና መጭመቂያ ማለት ነበር። ቅጠሉ በላይኛው ገንዳ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ወደ ታችኛው ይለቀቅና ሠራተኞች በውስጡ ቆመው በመቅዘፊያ ይመቱታል፤ መምታቱ አየር ለማስገባት ነው። የረጋው ዝቃጭ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆና ተቆራርጦ ይደርቃል። መሣሪያው ቀላል፣ ወጪው ትንሽ ነበር፤ የሥራው ክብደት የወደቀው በገበሬው ላይ ነው። ባለ ፋብሪካው ለገበሬው ቀብድ ያበድረዋል፤ ቀብዱን የተቀበለ ገበሬ ከመሬቱ ጥሩውን ክፍል ለኢንዲጎ መስጠት ግዴታው ይሆናል፤ የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ዕዳውን ስለማይሸፍን ዕዳው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

በ1859 ዓ.ም. የቤንጋል ገበሬዎች ኢንዲጎ አንዘራም ብለው ተነሡ። መንግሥቱ በ1860 ዓ.ም. መርማሪ ኮሚሲዮን አቋቋመ። በዚያው ዓመት ዲናባንዱ ሚትራ የገበሬውን በደል የሚያሳይ «ኒል ዳርፓን» የተሰኘ ቲያትር በቤንጋሊ ቋንቋ ጻፈ፤ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ያሳተመው ሚሲዮናዊ ጄምስ ሎንግ በ1861 ዓ.ም. በባለ ፋብሪካዎቹ ተከሶ አንድ ወር እስራትና 1,000 ሩፒ መቀጫ ተፈረደበት። በቤንጋል ሥራው እየደከመ ሲሄድ ኢንዲጎ ወደ ቢሃር አዘነበለ። በዚያ በቻምፓራን አውራጃ ገበሬው ከእያንዳንዱ 20 ካታ መሬቱ በ3ቱ ላይ ኢንዲጎ የመዝራት ግዴታ ነበረበት።

በዚህ መካከል በጀርመን አዶልፍ ባየር ኢንዲጎን በቤተ ሙከራ ሠርቶ በ1880 ዓ.ም. ፓተንት አገኘ፤ በ1883 ዓ.ም. የሞለኪውሉን አቋም ገለጠ። ፋብሪካው ግን በገፍ ማምረት የቻለው በ1897 ዓ.ም. ነው። በመካከል ያሉት 17 ዓመታት ለኢንጂነር ከግኝቱ ይልቅ ትምህርት ሰጪ ናቸው። የባየር መንገድ በብልቃጥ ውስጥ ትክክል ቢሆንም መነሻ ዕቃው ውድና ጥቂት ነበር። ባስፍ 18 ሚሊዮን የወርቅ ማርክ አውጥቶ የሞከረው ዋና ጉዳይ እንደ ልብ የሚገኝ መነሻ ዕቃ መፈለግ ነበር፤ በመጨረሻም ከሬንጅ በብዛት የሚወጣውን ናፍታሊን መረጠ። ናፍታሊኑን በሰልፈሪክ አሲድ ኦክሲዳይዝ የማድረጉ ሥራ ቀርፋፋ ሆኖ ያስቸግር ነበር፤ አንድ ቀን የሙቀት መለኪያ ተሰብሮ ሜርኩሪው በመፍሰሱ ሥራው እንደ ፈጠነና ሜርኩሪ አፋጣኝ መሆኑ በዚህ እንደ ታወቀ ይነገራል። ቢሆንም ቴርሞሜትሩ ብቻውን ኢንዲጎን አልሠራም፤ ሜርኩሪው የፈሰሰው ለብዙ ዓመታት ተዘጋጅቶ ይጠብቀው በነበረ ሥራ ላይ ነው።

በ1897 ዓ.ም. 19,000 ቶን ያህል የነበረው የተክል ኢንዲጎ ምርት በ1914 ዓ.ም. ወደ 1,000 ቶን ዝቅ አለ። ለቻምፓራን ገበሬ ይህ የምሥራች ሊመስል ይችል ነበር፤ የማይወደው ተክል ዋጋ አጥቷልና። የሆነው ግን ሌላ ነው። ባለ እርሻዎቹ ኪሳራቸውን ወደ ገበሬው ማዛወር ፈለጉ፤ ኢንዲጎ ከመዝራት ግዴታ ነፃ ትሆናለህ፣ በምትኩ የመሬት ኪራይህ ይጨመራል ወይም በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ገንዘብ ትከፍላለህ አሉት። ገበሬው ማንም የማይገዛውን ተክል ላለመዝራት ዋጋ እንዲከፍል ተጠየቀ። ራጅኩማር ሹክላ የተባለ የአውራጃው ገበሬ ማህተመ ጋንዲን እየተከታተለ ለምኖ ያመጣው በዚህ ጉዳይ ነው። ጋንዲ በ1917 ዓ.ም. ወደ ቻምፓራን ሄደው የብዙ ሺህ ገበሬዎችን ቃል አስመዘገቡ፤ በ1918 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የ3 ካታው ግዴታ ተሻረ። ቀንበሩን የሰበረው እንግዲህ የገበሬው አቤቱታ እንጂ የጀርመኑ ፋብሪካ አልነበረም።

ባለ ጥለቱ ሸማ

ኢትዮጵያ በዚህ ለውጥ ውስጥ የነበራት ድርሻ የገዢነት ነው። ሸማ ነጭ ነው፤ ቀለም የሚገባው በጥለቱና በጃኖው ቀይ ላይ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን የጎበኙ መንገደኞች እንደ ጻፉት ሸማኔው ቀይና ሰማያዊ ክር ያገኝ የነበረው ከሕንድና ከሌላም አገር በባሕር የመጣውን ቀለማም ጨርቅ ተርትሮ ነበር። የተተረተረው ክር ውድ ነበር፤ ጥለት የክብር ምልክት የሆነበት አንደኛው ምክንያትም ይኸው ሊሆን ይችላል። ከ1870ዎቹ በኋላ የመጣው ቀይ ክር በሥር ቀለም ይሁን በሬንጅ አሊዛሪን ሸማኔው ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም፤ ሞለኪውሉ አንድ ነውና። አለላ የሚባለው ለስፌት የሚሆን ቀለማም አክርማም ዛሬ በአብዛኛው የሚነከረው ከገበያ በሚገዛ ዱቄት ነው።

በጠጉር ላይ የሆነው

ከላይ እንደ ታየው በጨርቅ ላይ ፋብሪካው የተክሉን ሞለኪውል ራሱን ነበር የሠራው። በጠጉር ላይ ግን ይህ አልተደረገም። ላውሶንን በፋብሪካ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ላውሶን የሚሰጠው አንድ መልክ ብቻ ነው፤ ገበያው ደግሞ ጥቁርና ቡናማ፣ ያውም በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደርስ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ የተመረጠው ከማናቸውም የቀለም ተክል ጋር ዝምድና የሌለው ፓራ ፌኒሊን ዲያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ የተባለው የሬንጅ ውላጅ ነው። ጀርመናዊው ሆፍማን በ1863 ዓ.ም. ጠባዩን ገልጦት ነበር፤ በ1883 ዓ.ም. በፓሪስ ሞኔ የተባለ ሰው ከሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጋር ለጠጉር ማቅለሚያ እንዲሆን ፓተንት አወጣበት። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤዠን ሹዌለር በ1907 ዓ.ም. የራሱን የጠጉር ማቅለሚያ አዘጋጅቶ ለፀጉር አስተካካዮች መሸጥ ጀመረ፤ በ1909 ዓ.ም. ያቋቋመው ድርጅት በኋላ ሎሬአል ተባለ። የአሠራሩ ብልህነት አይካድም። ፒፒዲ ትንሽና መልክ የሌለው ሞለኪውል በመሆኑ በቀላሉ ወደ ጠጉሩ ይገባል፤ በዚያ ውስጥ ፐሮክሳይዱ ኦክሲዳይዝ ሲያደርገው እርስ በርሱ እየተያያዘ ተመልሶ ሊወጣ የማይችል ትልቅ ጥቁር ሞለኪውል ይሆናል። ሐሳቡ ከኢንዲጎ ሐሳብ ጋር አንድ ነው፤ ዕቃው ግን ሌላ ነው።

ችግሩ ያለው ቀለሙ ከመጠናቀቁ በፊት በቆዳ ላይ ባለው ጊዜ ነው፤ ፒፒዲ ከታወቁት ኃይለኛ የቆዳ አለርጂ አስነሺዎች አንዱ ነውና። በ1933 ዓ.ም. በአሜሪካ «ላሽ ሉር» የሚባል ይኸው ነገር ያለበት የሽፋሽፍት ማቅለሚያ ሴቶችን አቆሰለ፤ ዓይነ ስውር ያደረጋትና ለሞት ያበቃትም ነበረች። የ1906ቱ የምግብና የመድኃኒት ሕግ መዋቢያን ስለማይመለከት መንግሥቱ ዕቃውን ከገበያ የሚያነሣበት ሥልጣን አልነበረውም። የ1938ቱ ሕግ ሲወጣ ይህ ቀዳዳ ተደፈነ፤ ይሁንና ከሬንጅ የሚሠሩ የጠጉር ቀለሞች ማስጠንቀቂያ እስከ ተጻፈባቸው ድረስ ከክልከላው ነፃ ሆኑ። ማስጠንቀቂያው ለሽፋሽፍት እንዳይደረግና አስቀድሞ በቆዳ ላይ እንዲሞከር ያዛል። ሕግ አውጪው ለዓይን የከለከለውን ለራስ የፈቀደበት ምክንያት ከሕክምና ይልቅ ከገበያ የመጣ ይመስላል።

በ1975 ዓ.ም. ብሩስ ኤምስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ገበያ ላይ ከነበሩ 169 በኦክሲዴሽን የሚሠሩ የጠጉር ቀለሞች ውስጥ 150ው በባክቴሪያ ላይ የዘር ለውጥ እንደሚያስከትሉ አሳተሙ። ከዚያ በኋላ አምራቾች አንዳንዶቹን ንጥረ ነገሮች ለወጡ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1993 ዓ.ም. የፀጉር አስተካካዮችን ሥራ ካንሰር ሊያስከትሉ ከሚችሉት መካከል መድቦታል፤ በራሳቸው ጠጉር ላይ ስለሚጠቀሙት ሰዎች ግን ለመፍረድ የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብሏል። ሁለቱን መለየት ተገቢ ነው፤ አንዷ በዓመት ጥቂት ጊዜ ትነካዋለች፣ ሌላዋ ቀኑን ሙሉ ስትነካው ትውላለች።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የስሙ ነገር ነው። ፒፒዲ በሱዳንና በሌሎችም አገሮች ገበያ በድንጋይ መልክ ወይም በዱቄት ይሸጣል፤ ሴቶች ሂናውን ለማጥቆርና ቶሎ ለማድረስ ይቀላቅሉታል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሱዳን ሐኪሞች ይህንን ነገር በስሕተት ወይም ራሳቸውን ለመጉዳት የዋጡ ሕሙማን አንገታቸው አብጦ እየታፈኑ፣ ከዚያም ኩላሊታቸው ሥራ እያቆመ ወደ ሆስፒታል መምጣታቸውን በሕክምና መጽሔቶች ሲዘግቡ ቆይተዋል። በቱሪስት ከተሞችና በሠርግ ቤቶች «ጥቁር ሂና» ተብሎ በቆዳ ላይ የሚሣለውም ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በጠጉር ላይ የሚውለው ድብልቅ ከመቶ 2 በላይ ፒፒዲ እንዳይኖረው ይወስናል፤ በ2002 ዓ.ም. በታተመ አንድ ምርመራ ለቆዳ ሥዕል በዋለ ጥቁር ሂና ውስጥ የተገኘው መጠን 15.7 በመቶ ነበር። በቆዳ ላይ ያበጠው ቁስል ቢድን እንኳ ሰውየው በቀረው ዕድሜው የጠጉር ቀለም ሲነካው ሊያመው ይችላል።

የጋራንስ ስም ከሬንጅ በወጣው አሊዛሪን ላይ ቢለጠፍ በቀለሙ በኩል ውሸቱ ጥቂት በሆነ ነበር፤ የሂና ስም በፒፒዲ ላይ ሲለጠፍ ግን ገዢዋ የምታስበው ነገርና በእጇ ላይ የሚያርፈው ነገር ፈጽሞ አይገናኙም። ሁለቱን ለመለየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በማናቸውም የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ ላውሶንንና ፒፒዲን ለየብቻ ያሳያል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሰዓት መመልከት ይበቃል። የቅጠሉ ሊጥ በእጅ ላይ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ሲታጠብ ብርቱካናማ ነው፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ጥልቅ ቀይ ይሄዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቁር የሚሆነው በጥቅሉ ላይ ቅጠል ቢሣልበትም የቅጠል ሥራ አይደለም።